«ዘርአ ያዕቆብን የጻፈው ጣሊያን ነው» ሲሉኝ ማንን ልመን?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሎጂክ ኮርስ ስለ ፈላስፋው ዘርአ ያዕቆብ ፕረዘንቴሽን ደረሰኝ። «ሐተታ» የሚባለውን መጽሐፉን በአማርኛ አግኝቼ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። እንዲህ ያለ ነገር ከእኛ አገር መውጣቱን አላውቅም ነበር፣ በጣም ነው የኮራሁት። ፕረዘንት ሳደርግ ግን አንድ ልጅ እጁን አወጣና ‹መጽሐፉ እኮ ፎርጅድ ነው፣ የጻፈው ጁስቶ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው› አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። እኔ ‹አላውቅም፣ ላጣራው› በማለቴ ብቻ የዶርም ጓደኞቼ ‹ባንዳዋ› ይሉኝ ጀመር። ለእረፍት ቤት ስሄድ መሪጌታ ለሆኑት አጎቴ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ‹ማንም ይጻፈው ማን፣ የመናፍቅ መጽሐፍ ነው፣ ሁለተኛ እንዳታነቢው!› ብለው ተቆጡኝ። ሁሉም እርግጠኛ ነው፣ ግራ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። አሁን አሁንማ የተማርኩት ሁሉ ውሸት እየመሰለኝ መጥቷል። ማንን ልመን?»

እህቴ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ከተባለው ሁሉ የተሻለው ያንቺ «ላጣራው» ነው። ላጣራ ማለት ባንዳ አያስብልም። እሱን ስም ከወዲሁ ከጫንቃሽ ላይ አውርጂው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ማንን ልመን» ስትዪ ነገሩን የሰው ምርጫ አደረግሽው። ልጁን ልመን፣ ጓደኞቼን ልመን ወይስ አጎቴን? የሚገርመው፣ ይሄው ጥያቄ ያነበብሽው ሐተታ ውስጥም አለ። ፈረንጆቹን ብጠይቅ ልክ የእኛ ሃይማኖት ነው ይሉኛል፣ ግብጾቹን ብጠይቅ የእኛ ነው ይሉኛል፣ ታዲያ በመካከላቸው ማን ይፍረድ? ይላል በራሱ አነጋገር። መልሱን ታስታውሺዋለሽ። ከሁለቱ አንዱን መርጦ አልተጠለለም፣ ራሱ መመርመር ጀመረ።

ደግሞስ ልብ ብለሽ ብታዪው ሦስቱ ወገኖች የሚከራከሩት በአንድ ነገር ላይ እንኳን አይደለም። ልጁ የሚያወራው ስለ ጸሐፊው ነው፦ ማን ጻፈው? አጎትሽ የሚያወሩት ስለ ትምህርቱ ነው፦ የሚለው ነገር ልክ ነው ወይስ ክህደት? የዶርም ልጆች የሚያወሩት ስለ ክብር ነው፦ የእኛ ነው ወይስ የነሱ? የአንዱ መልስ የሌላውን አይወስንም። ጣሊያናዊ ጽፎት ቢሆን እንኳ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው የሚለው ሐሳብ በዚህ ምክንያት ውሸት አይሆንም። አክሱም አጠገብ የተወለደ የእኛው ደብተራ ጽፎትም ቢሆን ስለ ጾም ያለው ሁሉ የአገር ልጅ ስላለው ብቻ ልክ አይሆንም። እኛ አገር ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። አንዱን ጥያቄ ይጠይቁሻል፣ የሌላውን መልስ ካልሰጠሽ ይቀየሙሻል።

እኔ ዛሬ የመጀመሪያውን ልያዝ፣ ማን ጻፈው የሚለውን። በማስረጃ ሊገፋ የሚችለው እሱ ነው፣ ስሜት በጣም የተጫነውም እሱኑ ነው።

መጽሐፉ ስለ ራሱ የሚለው ይሄ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዘርአ ያዕቆብ በ1599 አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። ድምፁ ሻካራ ስለነበር ዜማ አልሆነለትም፣ ወደ ሰዋስውና ቅኔ ዞረ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገር ሲታመስ አንድ ጠላቱ ከንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ጠፋ፣ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረ። ሱስንዮስ ሲሞቱ እንፍራዝ ሄዶ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ገባ፣ እዚያ ጸሐፊም አስተማሪም ሆነ። በ1667 ተማሪው ወልደ ሕይወት ለምኖት ሐተታውን ጻፈ። በነገራችን ላይ ከንጉሡ ከዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ጋር እንዳታምታቺው። እሳቸው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡ ናቸው፣ በሃይማኖት ነገር ከእሳቸው ለየት ያለ ሐሳብ የያዘ ሰው ደግሞ መጨረሻው አያምርም ነበር። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ምን እንደደረሰባቸው አንብቢ። ስም ሞክሼ ነው፣ ግብር ግን ሰማይና ምድር።

ከመጽሐፉ ውጭ ያለው ታሪክ የሚጀምረው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል፣ ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር የሆነ ሚስዮናዊ በ1846 ወደ አገራችን መጣ፣ በጌምድር ተቀመጠ። እዚያ ሆኖ አንቷን ዳባዲ ለሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ የብራና መጻሕፍት ያፈላልግለት ነበር። በ1853 የሐተታውን ቅጂ ላከለት፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጨመረ። ሁለቱም ዛሬ ፓሪስ፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ችግሩ ይታይሽ፦ ሁለቱም ቅጂ ያለፈው በአንድ ሰው እጅ ነው። ከሱ በፊት የነበረ መሆኑ የተረጋገጠ ቅጂ እስካሁን አልተገኘም። የክፍልሽ ልጅ ከሜዳ ተነስቶ አላወራም ማለት ነው። በ1904 ኤኖ ሊትማን የሚባል ጀርመናዊ ሐተታውን ከላቲን ትርጉም ጋር ሲያሳትመው ዓለም ተደነቀ። በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሊቅ ተነስቶ «ይህ የጁስቶ ድርሰት ነው» አለ። ክርክሩ መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

እስቲ ማስረጃውን በእጅሽ ይዘሽ እዪው፣ በራስ ማሰብ የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። አንዱ የኮንቲ ሮሲኒ መከራከሪያ የሰው ቃል ነው፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ቄስ። መጠየቅ ያለብሽ ቀላል ነገር ነው። ቄሱ ጁስቶ ሲጽፍ አይተዋል ወይስ ሲባል ሰምተዋል? ቃላቸው የተመዘገበው መቼ ነው? ጁስቶ በ1856 ካርቱም ላይ ሞቷል፣ ቃሉ የወጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በአገር ቤት ሽማግሌ ፊት «ሰማሁ»ና «አየሁ» እኩል ዋጋ እንደሌላቸው ታውቂያለሽ፣ እዚህም ያው ነው። ሌላው የሚያነሱት ስሙን ነው። ጁስቶ ከመመንኮሱ በፊት ጃኮፖ ነበር፣ ያዕቆብ ማለት። ይህን ስትሰሚ «አሃ!» ትያለሽ። ቆይ ግን፣ ያዕቆብ የሚባል ሰው እዚያም እዚህም ስንት አለ? እንዲህ ያለው ነገር ቀድሞ ላመነ ሰው ማጣፈጫ ይሆናል እንጂ ለብቻው ምንም አያስረዳም። የቀደመ ቅጂ አለመገኘቱ ግን ከባድ ነው፣ እሱን አታቅልዪው።

በሌላው ወገን ክላውድ ሰምነር አሉ፣ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ፍልስፍና ያስተማሩ። በ1970ዎቹ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ብዙ ቅጽ አሳትመዋል። የሐተታ ዘርአ ያዕቆብንና ተማሪው ወልደ ሕይወት ጻፈው የሚባለውን የሌላውን ሐተታ አጻጻፍ እያነጻጸሩ የሁለት ሰው እጅ ነው ብለው ተከራከሩ። ጁስቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ሊጽፍ የሚገባው አንድ ሰው ነበራ! ሌላም ጥያቄ አለ። አገር ውስጥ በገባ በሰባት ዓመቱ የውጭ ሰው እንደዚያ ያለ ግእዝ ይጽፋል ወይ? ተጠራጣሪዎቹም ዝም አይሉም። ጁስቶ ከደብተራዎች ጋር ተቀምጦ ግእዝ የተማረ፣ በሰዋስውና በመዝገበ ቃላት የደከመ ሰው ነበር፣ ደግሞ የሚያግዘው ደብተራ አጠገቡ አላጣም ይላሉ። ይሄም ቀላል መልስ አይደለም።

አሁን የዶርም ጓደኞችሽ የሚወዱትን ልንገርሽ። ኮንቲ ሮሲኒ በኤርትራ የቅኝ አገዛዙ ባለሥልጣን ነበር። በ1935፣ ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ፣ ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ አትበቃም ብሎ ጽፏል። «አላልንም!» ይላሉ ይሄኔ። ይበሉ። ሰውየው ለእኛ ክፉ ነበር፣ ክፉ ሰው ግን ልክ ሊሆን ይችላል። የተናጋሪው ፍላጎት ቃሉን ሁለቴ እንድታጣሪ ያስገድድሻል እንጂ ውጤቱን አይነግርሽም። ይሄው መለኪያ ወደ እኛም ይዞራል። እንደ አገር ይህ መጽሐፍ የእኛ እንዲሆን በጣም እንፈልጋለን። እኔም እፈልጋለሁ። በጣም የምትፈልጊውን ነገር የሚደግፍ ማስረጃ ሲመጣልሽ ጠበቅ አድርገሽ መርምሪው፣ ደስ የሚል ነገር ሳይፈተሽ ነው የሚገባው።

ደግሞም ሰልፉ ፈረንጅ በአንድ ወገን፣ ሐበሻ በሌላ ወገን አይደለም። ሰምነር የውጭ ሰው ሆነው ኢትዮጵያዊ ነው አሉ። ዛሬም አናይስ ዊዮን የምትባል ፈረንሳዊት የታሪክ ተመራማሪ የጁስቶ ነው ብላ በሰፊው ጽፋለች፣ በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ካወጡት ምሁራን አንዷ ዌንዲ ቤልቸር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ነው ብላ ትሟገታለች። ሁለቱም ፈረንጆች ናቸው፣ ሁለቱም ዕድሜያቸውን ለኢትዮጵያ ጽሑፎች የሰጡ። «ባንዳ» የሚለው ቃል እዚህ ምን ይሠራል?

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሐሳባቸውን የቀየሩት ናቸው። ኮንቲ ሮሲኒ ራሱ መጀመሪያ መጽሐፉን እውነተኛ ነው ብሎ ተቀብሎት ነበር፣ በኋላ ነው የዞረበት። በተቃራኒው ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አሉ። በግእዝ ጽሑፎች ላይ ከእሳቸው በላይ የደከመ ብዙ ሰው የለም፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ካታሎግ የተሠራው በእሳቸው እጅ ነው። ለረጅም ጊዜ ተጠራጣሪ ነበሩ። በስተእርጅናቸው እንደገና ተቀምጠው መረመሩትና መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ነው ወደሚለው መጡ፣ የኋላ እጅ የጨመረበት ነገር ሊኖር እንደሚችል ግን አልደበቁም። በስንት ዘመናቸው፣ ያን ሁሉ ስም ይዘው! እኛ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ክርክር ያልነውን ላለማጠፍ ጓደኛ እናጣለን።

አንድ ቦታ አብረን እናንብብ። መጨረሻ አካባቢ ዘርአ ያዕቆብ እንፍራዝ ከሰዎች ጋር ሲኖር ክርስቲያን መስሎ እንደኖረ፣ በልቡ ግን አእምሮው ያሳየውን አምላክ ብቻ እንደሚያምን ይናገራል። ተጠራጣሪው ይህን ሲያነብ «ይኸው! እምነቱ የቀዘቀዘበት ሚስዮናዊ የራሱን ልብ በሌላ ሰው አፍ እየተናገረ ነው» ይላል። ደጋፊው ያንኑ መስመር አንብቦ «ይኸው! ከሱስንዮስ እስከ ፋሲል ያን ሁሉ የሃይማኖት ግርግር ያየ ደብተራ እንዲህ ባይኖር ነበር የሚገርመው» ይላል። መስመሩ አንድ፣ ንባቡ ሁለት። ታዲያ ይህ መስመር ለየትኛውም ወገን ማስረጃ አይሆንም፣ ሁለቱንም እኩል ስለሚያስኬድ። አንድ ነገር ከሁለቱም ታሪክ ጋር የሚስማማ ከሆነ ለይቶ አይነግርሽም። ይህቺን ብቻ ከኮርሱ ይዘሽ ብትወጪ ክሬዲቱ ይበቃሻል።

አሁን ስለ አጎትሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው እሳቸው ጋ ነው። አንቺ እሳቸውን እንቅፋት አድርገሽ ነው የጻፍሽልኝ። እኔ ግን ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የሚያስፈልግሽ ሰው እሳቸው ናቸው እላለሁ። አንቺም እኔም ሐተታውን ያነበብነው በትርጉም ነው። ክርክሩ ግን ግማሹ ያለው ግእዙ ላይ ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ግእዝና ከመዝገበ ቃላት የተማረ ሰው ግእዝ ይለያያሉ፣ መሪጌታ ደግሞ በጆሮው ይለየዋል። ዳዊቱን የሚጠቅሰው በቃሉ እንደያዘ ሰው ነው ወይስ ገልጦ እንደፈለገ? የፈረንጅ አነጋገር የሚሸትበት ቦታ አለ? የመምህሩና የተማሪው ድርሰት የአንድ ሰው ነው ወይስ የሁለት? ይህን የሚመልስልሽ የሎጂክ መምህርሽ አይደለም።

ስለዚህ ሲረጋጉ፣ ቡና ተፈልቶ ቤቱ ሲሰበሰብ፣ እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ትምህርቱን ልቀበል ብዬ አይደለም። ግእዙ የማን ግእዝ እንደሚመስል እርስዎ ይፍረዱልኝ። ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው የለኝም።» ማታለል አይደለም፣ እውነት ነው። ምናልባት እምቢ ይላሉ፣ መብታቸው ነው፣ አትጨቅጭቂያቸው። እሺ ካሉ ግን የሚያስደስት ነገር ይጠብቅሻል። እሳቸው የተማሩበት የትርጓሜ ቤት እኮ አንድ ቃል ላይ ቆሞ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያለ ሦስት አራት ፍቺ የሚደረድር ቤት ነው። ሁለት ንባብ ጎን ለጎን አስቀምጦ አለመደንገጥን ከእሳቸው ልትማሪ ትችያለሽ። መጽሐፉን የመናፍቅ ነው ያሉትም ከሜዳ አይደለም። ጾምን፣ ምንኩስናን፣ ተአምራትን እየነካካ የሚያልፍ ጽሑፍ ነው፣ ለእሳቸው ያማል። እሱን ክርክር ከእሳቸው ጋር መግጠም የለብሽም። ዘርአ ያዕቆብ ራሱ ያሰበውን ሁሉ በየደጁ አልለፈፈም፣ ለሚጠይቀው ተማሪ ነው የጻፈው። በራስሽ ማሰብ ማለት ምሳ ሰዓት ላይ ቤተሰብ ማስቀየም ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው ደግሞ ዋሻውን ብቻ ይዞ ይቀራል። አዎ፣ ከሊቃውንት ጋር ከነበርኩበት ይልቅ በዋሻው ብቻዬን ሆኜ ብዙ ተማርኩ ይላል። ግን ከዋሻው ወጣ እኮ! ሀብቱ ቤት ገባ፣ ልጆች አስተማረ፣ ሂሩትን አገባ፣ የሚሞግተው ተማሪ አገኘ። ሰው የሌለበት ሐሳብ ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ ዶርም ውስጥ ካኮረፉሽ ልጆች መካከል ለመስማት ፈቃደኛ የሆነችውን አንዷን ፈልጊ። አንድ ሰው ይበቃሻል።

«የተማርኩት ሁሉ ውሸት እየመሰለኝ ነው» ያልሽው ነገር ግን አሳስቦኛል። አንድ ነገር አጠራጣሪ ሆኖ ተገኘ ማለት ሁሉም ፈረሰ ማለት አይደለም። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውና በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል መልቀቃቸው በኢትዮጵያም በፖርቱጋልም በኩል በወቅቱ ተጽፏል፣ አንዱ የሌላውን አይቶ አልገለበጠም። እሱን ከሐተታው ጋር በአንድ ሚዛን አታስቀምጪው። ሁሉን የሚጠራጠር ሰው ደፋር ይመስላል፣ ሥራው ግን ሁሉን ከሚያምነው ሰው እኩል ነው፣ ሁለቱም ምንም ማንበብ አይጠበቅባቸውም። አንቺ አንድ ሌሊት ቁጭ ብለሽ ያነበብሽ ልጅ ነሽ፣ እዚያ ሰፈር አትግቢ።

እኔስ? ጠይቀሽኛልና ልንገርሽ። ወደ ኢትዮጵያዊነቱ አዘነብላለሁ፣ በተለይ ከጌታቸው ኃይሌ መዞር በኋላ። ግን አልምልበትም፣ አንቺም እኔ ስላልኩ አትያዢው።

የሚቀጥለው ሥራሽ እንግዲህ ይሄ ነው። ወደ አዲስ አበባ ብቅ ካልሽ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ የሰምነርን ቅጾች ጠይቂ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የዳባዲን ብራናዎች አብዛኛውን ፎቶ አንስቶ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል፣ ለአጎትሽ በስልክሽ ልታሳዪያቸው ትችያለሽ። ከዚያ አንድ ገጽ ጻፊና ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ ለምኝ። የሚታወቀውን፣ የሚያከራክረውን፣ አንቺ ያዘነበልሽበትን ለይተሽ አስቀምጪ። ታች ላይ ምን ቢገኝ ሐሳብሽን እንደምትቀይሪ ጨምሪበት። ከ1846 በፊት የተገለበጠ ብራና ጎጃም ወይም ትግራይ ካለ ገዳም ዕቃ ቤት ቢወጣ የኮንቲ ሮሲኒ ክስ እዚያው ያበቃል። ከጁስቶ ወረቀቶች መካከል ሥርዝ ድልዝ የበዛበት የሐተታው ረቂቅ ቢገኝ ደግሞ የእኔ ማዘንበል ያበቃል። እጁን ያወጣውን ልጅም እሱን ምን ቢያሳዩት እንደሚቀይር ጠይቂው፣ «ምንም» ካለሽ ከሱ ጋር ጊዜሽን አታባክኚ።